የዋሴ መዋኛ ቆብና የእኔ ዘጠና ቀን

በሰው መቅናት አልወድም። ይህን የምለው ገና ሳልጀምር እንዳትታዘቡኝ ነው እንጂ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እንደ ቅናት የተዋጣልኝ ሥራ የለም። ልጅ ሆኜ በጎረቤት በሬ ቀንቻለሁ። ሳገባ በገዛ ሚዜዬ ጫማ ቀንቻለሁ። እስራኤል መጥቼ ሐደራ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ መኪና ሳይኖረኝ በሰው መኪና ማቆሚያ ቀንቻለሁ። ነገር ግን በስተርጅና በሰው የጤና ኢንሹራንስ ቀንቼ ምግብ ይዘጋኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ቅናት አጥንት ይበላል ሲሉ እሰማለሁ። ቢበላም የአጥንት ሐኪም መምረጥ የሚችለው ዋሴ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነበር።

ዋሴን ላስተዋውቃችሁ። እኔና እሱ ጎንደር ውስጥ የአንድ መንደር ልጆች ነን። ያኔ በአንድ ቀን ተኩል ያን ሁሉ ሕዝብ አንሥተው ወደ እስራኤል ሲያመጡን በአንድ አውሮፕላን ነው የመጣነው፤ እሱ መስኮት አጠገብ፣ እኔ መሐል ወለሉ ላይ በሰው ጉልበት ታጥሬ። ይህንንም አልረሳሁለትም። ሐደራ፣ ቤት ኤሊዔዘር የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ሕንፃ እንኖራለን፤ እሱ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ አራተኛ፣ አሳንሰር የለም። በአንድ የብርቱካን ማሸጊያ ከዐሥር ዓመት በላይ ጎን ለጎን ቆመን ፍሬ ለይተናል። ጡረታ የወጣነውም በአንድ ቀን ነው። ለእያንዳንዳችን የግድግዳ ሰዓት ሰጡን። የዋሴ ሰዓት እስከ ዛሬ ሳያዛንፍ ይሄዳል። የእኔ ዓርብ ማታ ይቆምና እሑድ ጠዋት ሲነካኩት ይነሣል፤ ሰንበት አክባሪ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው በስንብታችን ቀን ነው። ኬክ ተቆርሶ ስንበላ የሠራተኞቹ ተወካይ ተነሣና ስለ ኢንሹራንስ አስረዳን። እዚህ አገር ሰው ሁሉ በሕግ የሚታከምበት የጤና ዋስትና አለው። ከዚያ በላይ ደግሞ የጎደለውን የሚሞላ ሌላ አለ፤ ቢቱዋሕ ማሽሊም ይሉታል። ማሽሊም ቀዶ ሐኪምህን ያስመርጥሃል፣ ወረፋ ያሳጥርልሃል፣ መነጽር ይገዛልሃል። ሥራ ላይ ሳለን ሁላችንም በጅምላ ነበረን፤ ጡረታ ሲወጡ ግን የጅምላው ያበቃል። «መብታችሁ ግን አለ» አለ ተወካዩ፤ «ከዛሬ ጀምሮ በዘጠና ቀን ውስጥ ሄዳችሁ ለየራሳችሁ መግዛት ትችላላችሁ። ዘጠና ቀን ካለፈ አለፈ። ደብዳቤ ይመጣላችኋል፣ እንዳትጥሉት።»

ዋሴ በጥሞና አዳመጠ። እኔ ግን ኬኩን ሳልውጥ ብድግ ብዬ፣ «እኔ ለበሽታ አስቀድሜ ወንበር አልይዝለትም! ከመጣ ቆሞ ይጠብቅ!» አልኩ። ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ማቆም አልችልም፤ «ዋሴ ግን ይግዛ፣ ከልጅነቱም ፈሪ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። ዋሴም አብሮ ሳቀ። ያን ቀን ጀግና ሆኜ ቤቴ ገባሁ።

ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። ለእናንተ ልንገራችሁ፣ እናንተ ቤት ኤሊዔዘር አትኖሩም። ቀኝ ዓይኔ ላይ ሞራ እየወጣ ነበር፤ ግራውም ቢሆን ሩቅ ማየት ከተወ ቆይቷል። መጀመሪያ ስስ ጉም ነበረች፤ ውላ አድራ ወፈረች። የአውቶቡሱን ቁጥር ማንበብ ትቼ በሾፌሩ መላጣ መለየት ጀመርኩ። አንድ ቀን ሐደራ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ክምር አጠገብ የቆመ ሰው የአጎቴ ልጅ መስሎኝ ሦስት ጊዜ አገላብጬ ሳምኩት፤ ሰውዬው አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ የመናዊ ሆኖ ተገኘ። ደግ ሰው ነው መሰል፣ ሦስቴ መልሶ ስሞኝ ተለያየን። ዓይኔ ቀዶ ሕክምና እንደሚፈልግ ልቤ ያውቀዋል። ግን ያን ሁሉ ሰው ባሳቅሁበት አፌ ተመልሼ «ኢንሹራንስ እፈልጋለሁ» እንዴት ልበል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቻለሁ። ሰምቼ ደበቅሁ።

ወር ሳይሞላ ዋሴን ከሕንፃችን በር ላይ አገኘሁት። አዲስ መነጽር አድርጓል።

«ማሽሊም ነው» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

«ምን ሊያደርግልህ? ዓይንህ ደህና አልነበር?»

«ደህና ነው። አሁን ግን ከዚህ ቆሜ እናንተ በረንዳ ላይ የተሰጣው ካልሲህ የቱ ጋ እንደተቀደደ አያለሁ።»

ቀና ብዬ አየሁ። ካልሲው ቀርቶ በረንዳው አልታየኝም። «ተሰፍቷል» ብዬው ወጣሁ፤ ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ከመነጽሩ ቀጥሎ ጫማ ውስጥ የሚገባ ልዩ ሶል መጣ። እግሩን አስለክቶ ያሠራው ነው። ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ጫማውን ያወልቅና ሶሉን አውጥቶ በእጄ ያስይዘኛል። ሰው የልጁን ዲፕሎማ እንኳ እንዲህ አያሳይም። ከዚያ በኋላ ሰላምታውም ተለወጠ። «እንዴት አደርክ ዋሴ?» ስለው፣ «ማሽሊም ይመስገን» ይለኛል። እኔ ፈገግ እላለሁ፤ ደረጃውን ስወጣ ግን የእያንዳንዱን ፎቅ የበር እጀታ አንቄ መንቀል ያምረኛል።

መዋኛው ሲጨመርበት ከአቅሜ በላይ ሆነ። ዋሴ እሑድና ማክሰኞ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ናሕሊኤል ሰፈር በኩል ወዳለ የመዋኛ ገንዳ መሄድ ጀመረ። «የውሃ ሕክምና ነው፣ ለወገብ» አለኝ። ዋሴ! አገራችን ሳለን ወንዝ ሲሞላ ከማዶ ቁጭ ብሎ እስኪጎድል ሁለት ቀን የሚጠብቅ ሰው! በዓይኔ ካላየሁ አላምንም አልኩና አንድ ማክሰኞ ተከተልኩት። የገንዳው አጥር ሽቦ ነው። ጠጋ ብዬ ግራ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ደገንኩ።

እውነት ነው። ዋሴ ሰማያዊ የላስቲክ ቆብ አናቱ ላይ ለጥፎ፣ ውሃው እስከ ብብቱ ደርሶ፣ ከሩሲያ በመጡ ስምንት አሮጊቶች ተከቦ እጁን ወደ ላይ ያነሣል። አሠልጣኟ በስሙ ትጠራዋለች። «ያፌ፣ ዋሴ! ያፌ!» ትለዋለች፤ ጎሽ ማለቷ ነው። አሮጊቶቹ ያጨበጭቡለታል። እኔን ኬክ ካስቆረሱኝ ቀን ወዲህ ማን አጨበጨበልኝ? ፊቱ ሲታይ ትንሽ የጨነቀው ይመስላል፤ እኔ ግን ደስታ በዝቶበት ነው ብዬ ፈረድኩ። ወደ ቤት ስመለስ በመንገድ ላይ ለብቻዬ እናገር ነበር። ቀንቻለሁ፣ በጣም ቀንቻለሁ፤ ምን ይደበቃል?

ቤት ስገባ ባለቤቴ ስንዱ ሽንኩርት እየላጠች ነው።

«ዋሴ ግን ወገቡ እንዴት ቀጥ ብሏል!» አለችኝ። «ዛሬ ከኋላው ሳየው ጎረምሳ መስሎኝ ነበር።»

«ከኋላው ምን አሳየሽ?»

«ዓይን አለኛ» አለችና አየት አደረገችኝ። አስተያየቷ ውስጥ አንዳች ነገር ነበረ። እኔ ግን በቅናት ተይዤ ስለነበር ሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ደብዳቤውን መፈለግ ያዝኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙ ግን ወረቀቱን ለቅቄው ነበር። መሳቢያውን ገለበጥኩ። የአልጋውን ፍራሽ አነሣሁ። የስንዱን የቅመም ጣሳዎች አንድ በአንድ ከፍቼ ሳስነጥስ ቆየሁ።

«አንተ ሰው፣ ምን ጠፋህ?»

«ምንም።»

«ምንምን ከሆነ የምትፈልገው ጠረጴዛው ሥር አለልህ» አለች።

እውነትም ደብዳቤው አራት ጊዜ ታጥፎ የሚንገዳገደው የጠረጴዛ እግር ሥር ተወትፏል። የወተፍኩት እኔው ነኝ። መዝዤ ሳወጣው ጠረጴዛው አዘመመና የተረፈው የምስር ወጥ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። ስንዱ ቀኑን በጣቷ ቆጠረችልኝ። ዘጠናኛው ቀን ሰንበት ላይ ይውላል። ዓርብ ቢሮው ዝግ ነው። የቀረኝ ሐሙስ ብቻ፣ ማለትም ነገ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው፤ ያም ሆኖ ታጠቅሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ላውጋችሁ፤ ካላወጋኋችሁ በማግስቱ ያደረግሁት ዕብደት ይመስላችኋል። በአገራችን ሰው «እንዴት ነህ?» ሲልህ እግርህ ተቆርጦ እንኳ ቢሆን «ተመስገን» ትላለህ። እዚህ አገር ደግሞ ዋዓዳ የሚባል አለ፤ የበሽተኛውን ጉዳት መርምሮ በመቶኛ የሚቆርጥ፣ አበሉም በዚያው የሚወሰንበት የሐኪሞች ጉባኤ ነው። ከሕንፃችን አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ሰው ደግፎት የሚሄድ፣ ዋዓዳ ፊት ቀርቦ «እንዴት ነዎት?» ሲሉት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አለ። ደህና ከሆኑማ ብለው ዜሮ ሰጥተው ሸኙት። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈሩ ሰው ተምሯል። ወረቀት ይዞ ጠረጴዛ ኋላ ከተቀመጠ ሰው ፊት «ተመስገን» አይባልም። ቀጥ ብለህም አትገባም። እኔም ኢንሹራንስን ከዋዓዳ የሚለየው ምን እንደሆነ ማን ነግሮኝ! ያመመው ይበልጥ ይሰጠዋል ብዬ አሰብኩ። ዋሴ በአንድ ወገብ ያን ሁሉ ካገኘ፣ እኔ በዐሥር በሽታ ምን ልሆን ነው? እንደ ዋሴ አሮጊት የሚያጨበጭብበት ገንዳ ብቻ ሰጥተው ሊሸኙኝ ነው? ባሕሩን ጠቅልለው ይሰጡኛል!

ሐሙስ ጠዋት ልጄ ኳስ ሲጫወት እግሩ በተሰበረ ጊዜ የተወውን ክራንች ከበረንዳ አነሣሁ። ልጄ ረጅም ነው፤ ክራንቹን ብብቴ ሥር ሳደርገው ትከሻዬ ጆሮዬን ነካው። ስንዱ በሩን ይዛ ቆማ፣ «የቱ እግርህ ነው?» አለችኝ።

«ገና አልወሰንኩም።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለችና በሩን ዘጋች።

አውቶቡስ ውስጥ በሽታዎቼን ደረደርኩ። በሽታ ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ሕንፃችን ሞልቶታል። ስኳሩን ከአንደኛ ፎቅ፣ ኩላሊቱን ከሦስተኛ፣ ራስ ማዞሩን ከአማቴ ተዋስኩ። ጨጓራ የራሴ አለኝ። ቢሮው ከገበያው ብዙ አይርቅም። ስገባ እያነከስኩ፣ እየቃተትኩ፣ በየሦስት እርምጃው እየቆምኩ ነው፤ ወረፋ የያዙ ሁለት ሴቶች አዝነው አሳለፉኝ።

ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው የእኛው ልጅ ናት። እዚሁ የተወለደች፣ ፀጉሯን በጥንቃቄ የተሠራች፣ አማርኛና ዕብራይስጥ አንድ ላይ አፍልታ የምታወራ።

«ሻሎም አባባ፣ ይቀመጡ። ማ ሽሎምኻ፣ እንዴት ነዎት?»

«ተመስ—» አልኩና ምላሴን ነከስኩ። «ሞቻለሁ ልጄ!»

«ሐስ ቬሐሊላ! እግዜር አያድርገው! ምን ሆነው?»

ጀመርኩላት። ስኳሬን ነገርኳት። ኩላሊቴን ነገርኳት። ደረጃ ስወጣ ልቤ ቀድሞኝ አራተኛ ፎቅ ደርሶ እንደሚጠብቀኝ ነገርኳት። ልጅቷ አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጠኛለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። አሳዝኛታለሁ ብዬ በረታሁ።

«ምችም አለብኝ» አልኩ።

«ምች ማ ዜ? ምንድን ነው እሱ?»

«ምች ነዋ! ፀሐይ ላይ ስትወጪ ብው የሚል! ለሱ ምን ያህል ይሰጣሉ?»

«ረጋ፣ ረጋ፣ አባባ» አለች፤ ቆይ ማለቷ ነው። «ሲገቡ ያነከሱት በቀኝ ነበር። አሁን ያሹት የግራውን ጉልበት ነው።»

«ይዛወራል» አልኳት።

ውሃ አመጣችልኝ። ጠጥቼ የአማቴን ራስ ማዞር ቀጠልኩ። የሚወራ በሽታ ሲያልቅብኝ ጨረስኩ። ልጅቷ አንድ ወረቀት አውጥታ ፊቴ ዘረጋችና እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

«ቤሴዴር፣ እሺ፣ እዚህ መስመር ላይ ይፈርሙ።»

«በሽታዬንስ? ምንም አልጻፍሽም እኮ!»

«አባባ፣ አይጻፍም» አለች፣ ድምጿን ለስለስ አድርጋ። «ጡረታ በወጡ በዘጠና ቀን ውስጥ ከመጡ ስለ ጤናዎ አንጠይቅም። መብትዎ ነው፣ ዝም ብለው ይፈርማሉ። ቀኑ ካለፈ ነው ያ ሁሉ ጥያቄ ያለው ቶፌስ፣ ቅጹ፣ የሚሞላው። ያን ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያወሩ እንደሆነ አይቀበሉዎትም።»

«እና ይህን ሁሉ ለምን አስወራሽኝ?»

«ላቋርጥዎት አልቻልኩም። ደስ ይል ነበር።»

አፍሬ እስክሪብቶውን አነሣሁ። መስመሩ ታየኝ፤ ታየኝና ድርብ ሆነ። አንዱን መረጥኩና ስሜን አሳምሬ ፈረምኩ። ቀና ስል ልጅቷ አትስቅም። የፈረምኩት ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ፊደሉ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ በስተቀኝ ተሰድሯል።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቀኝ ዓይንዎ አያይም?»

የሰው በሽታ ማውራት ቀላል ነው፤ የራስ ግን ከጉሮሮ አይወጣም። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩና፣ «እየጠፋ ነው፣ ልጄ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፣ ፈራሁም። ዕንባዬ መጣ። ሞራ ያለበትም ዓይን ያለቅሳል ለካ።

ልጅቷ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ጣቴን ይዛ መስመሩ ላይ አኖረችልኝ። ፈረምኩ። ከዚያ፣ «እሱ እንዳለው ነው» አለች።

«ማነው እሱ?»

«መነጽር ያለው ሰውዬ። ሦስት ጊዜ መጥቷል። ‹ጓደኛዬ ዓይኑ እየጠፋ ነው፣ ደረጃ ሲወርድ ግድግዳ እየዳበሰ ነው፤ ብነግረው ይጣላኛል፣ ሚስቱም ብትነግረው አይሰማም፣ እኔ ልፈርምለት?› አለኝ። አይቻልም፣ ባለቤቱ ራሱ መምጣት አለበት አልኩት። ትንሽ አሰበና ምን እንዳለ ያውቃሉ?»

«ምን አለ?»

«‹እንግዲያውስ አስቀናዋለሁ› አለኝ። ደግሞ ዛሬ ጠዋት ደውሎ ‹እያነከሰ ይመጣል፣ እንዳትስቂበት› ብሎኛል።»

ክራንቹን ታቅፌ ወጣሁ። ስንዱም ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ እያነከስኩ መውጣቴን ለዋሴ ማን እንደነገረውም ገባኝ። ቤት ኤሊዔዘር እስክደርስ ድረስ ከማን ጋር እንደምጣላ ሳሰላ ቆየሁ። የምጣላው ሰው አጣሁ። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ የዋሴ በር ክፍት ነው። እሱም ገብቶታል፣ እኔም ገብቶኛል።

«እንዴት ዋልክ?» አለኝ።

«ማሽሊም ይመስገን» አልኩትና ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ክፉ ቅናት ያን ጊዜም አልለቀቀኝም። ጓደኛን ለማዳን ይህን ብልሃት ምነው እኔ ባሰብኩት ኖሮ ብዬ ቀናሁ።

ዓይኔን ራሴ የመረጥኩት ሐኪም ቀዶ አከመኝ። ሻሹ የተፈታ ዕለት መጀመሪያ ያየሁት ስንዱን ነው። ሽበቷ ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የእኔን ዓይን ስትጠብቅ የበቀለ ሽበት መሰለኝና አንጀቴን በላው። ሐኪሙ ውሃ ሲፈቅድልኝ መዋኛው አልቀረኝም። መብቴ ነዋ! ቀይ ቆብ ገዛሁ፤ ከዋሴ ሰማያዊ እንዲደምቅ ብዬ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቆቤን ለጥፌ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። ስምንቱ አሮጊቶች አሉ። አሠልጣኟ አለች። ዋሴ የለም።

ውሃው ብርድ ነው፤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። «እጅ ወደ ላይ!» አለች አሠልጣኟ። እጄን ሳነሣ ከሽቦው አጥር ወዲያ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው አየሁ። እግሩን አንፈራጥጦ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል።

«ዋሴ!» ብዬ ጮህኩ። «ለምን አትገባም?»

«እኔ?» አለ፣ ገለባውን እፍ ብሎ። «አብደሃል? ውሃ እፈራለሁ!»

«ያን ሁሉ ሳምንት ስትገባ አልነበር?»

«ያን ሁሉ ሳምንት ሞቼ ነበር። አንተ ልትፈርም ያን ያህል ትቆያለህ ብዬ መች አሰብኩ?»

አሮጊቶቹ ዞረው አዩን። አሠልጣኟ በስሜ ጠርታ እጄን እንዳነሣ ነገረችኝ። አነሣሁ። ውሃው ከብብቴ ወደ አንገቴ እየወጣ፣ በታከመው ቀኝ ዓይኔ ዋሴን አየሁት። ከአጥሩ ወዲያ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙ ደርቋል፣ ፀጉሩ ደርቋል፣ ካልሲው ሳይቀር ደርቋል። አቤት እንዴት እንደቀናሁበት!